የጎንደር የቆዳ አንቀልባ፦ ሕፃን ይዘው ከውጭ አገር ለሚመጡ ወላጆች የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ስለገዛነው የቆዳ አንቀልባ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ነው፤ ለጥምቀት በዓል ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ወላጆቼ ቤት ስንመጣ ታናሹ ልጃችን የ9 ወር ሕፃን ነበር። አንቀልባውን የገዛነው ለፎቶግራፍ ወይም ለመታሰቢያ ሳይሆን ልጁን በከተማው ውስጥ ይዘን ለመንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ የምመዝነው እንደ ማንኛውም የሕፃን ዕቃ ነው፦ ልጁን በደኅና ይይዛል ወይ፣ የሚያዝለውን ሰው ይጎዳል ወይ፣ የሚከፈልበትን ገንዘብ ያህል ያገለግላል ወይ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አንገቱ የጸናና ያለ ድጋፍ የሚቀመጥ ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ለጎንደር መንገድ ከአንቀልባ የሚሻል የልጅ መያዣ አላየሁም። ነገር ግን ገበያ ላይ ከሚደረደሩት አንቀልባዎች ብዙዎቹ ለማዘል ተብለው የተሠሩ ስላልሆኑ፣ የዕቃው ጥሩነት የሚወሰነው በአመራረጡና በአስተሳሰሩ ነው።

ከፍራንክፈርት ስንነሳ የሕፃን ጋሪም አምጥተን ነበር። ጋሪው በአውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ በእጅጉ ጠቅሞናል፤ ቦሌ ላይ የአገር ውስጡን በረራ ስንጠብቅ ልጁ የተኛው እሱ ላይ ነው። አዘዞ ካለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ከገባን በኋላ ግን የጋሪው አገልግሎት በአብዛኛው በእናቴ ግቢ ውስጥ ተወሰነ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በኮረብታና በሸንተረር ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የሰፈር ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ መንገዶች ትንንሾቹን ጎማዎች ይይዛሉ፤ ዳገቱ ሲመጣ ጋሪ መግፋት፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ ጋሪ መጎተት የአንድን ጎልማሳ ሁለት እጅ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ታላቋ ልጃችን ገና 4 ዓመቷ ስለሆነ በመንገድ ላይ እጇ መያዝ አለበት። ባጃጅ ለመሳፈር ጋሪውን ስናጥፍ ደግሞ ለእግር የሚሆን ቦታ ይጠፋል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ባዶ እጅ ነው፤ አንቀልባ የሚሰጠውም በመጀመሪያ ይህንኑ ነው።

የገዛነው አንቀልባ አንድ ሰፊ የለፋ ቆዳና ከእሱ ጋር የተሰፉ ረጃጅም ጠፍሮች ናቸው። ቆዳው የልጁን መቀመጫና ጀርባ ይደግፋል፤ ጠፍሮቹ በአዛዩ ትከሻ ላይ አልፈው ደረት ላይ ይሻገሩና ወደ ኋላ ዞረው ልጁን ከመቀመጫው ሥር ደግፈው፣ በመጨረሻ ወገብ ላይ ይታሰራሉ። መቆለፊያ የለውም፣ ዚፕ የለውም፣ የሚረዝምና የሚያጥር ማያያዣም የለውም፤ ልኩን የሚያወጣው የሚያስረው ሰው እጅ ነው። ከዚህም የተነሳ አንድ አንቀልባ አጭሯን እናቴን፣ እኔንና ረጅሙን ባለቤቴን ያለ ምንም ማስተካከያ አገልግሎናል። ጀርመን የገዛነው ባለመቆለፊያው ማዘያ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር ጠቅላላ ማሰሪያዎቹ እንደገና መለካት አለባቸው።

ስለ ግዢው ዘርዘር አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይን የሚስበው አንቀልባ ከላይ እስከ ታች በዛጎልና በጨሌ ያጌጠው ነው። እኔም ከእነዚህ አንዱን አንሥቼ ሻጯን፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ፣ «እናቴ፣ ይኸኛው ልጅ ይችላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እሱ ለፈረንጅ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ልጅ ካለሽ ይኸን ያዥ» ብለው ከሥር የነበረ፣ ጌጡ ጥቂት፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጠፍሩ ሰፊ የሆነ አንቀልባ አወጡልኝ። ዋጋውም ካጌጠው ያነሰ ነበር። ሻጭ የሚረክሰውን ዕቃ ራሱ አንሥቶ ሲሰጥ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን በምስጋና ነው የምጽፈው።

የጌጡ ጉዳይ የውበት ብቻ አይደለም። የታዘለ ልጅ አፉ ያለው ቆዳው ጠርዝ ላይ ነው፤ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ የሚፈተነው ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ልጅን ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይከለከላል። ጨሌና ብዙው ዛጎል ከዚህ ልክ በታች ነው። እኛ በላይኛው ጠርዝ ላይ የነበሩትን ዛጎሎች አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጠን አነሣን፤ በታችኛው ጠርዝ፣ ልጁ በማይደርስበት በኩል ያሉትን ግን ስበን ጥንካሬያቸውን አይተን ተውናቸው። እናቴ ቅር ብሏት ነበር፣ የተነሡትንም ዛጎሎች በሳጥን አስቀምጣቸዋለች።

ቆዳውን መፈተን ቀላል ነው። በደንብ የለፋ ቆዳ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ወፍራም ጨርቅ ይታጠፋል፣ ሲለቀቅም የእጥፋት ነጭ መስመር አይተውም፤ ያልለፋው ይንኳኳል፣ ሲያጥፉትም ይሰነጠቃል። ቆዳ በእምቧይና በቅባት በእጅ እየታሸ የሚለፋበት የቆየው አሠራር ጊዜ ይፈጃል፤ ተቸኩሎ የወጣ ቆዳ ወዲያው በጠረኑ ይታወቃል። ጥሩው አንቀልባም ቢሆን አዲስ ሲሆን የቆዳ ጠረን አለው፤ የኛ ጥቂት ቀናት ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ጠረኑ ልጁን የማያስቸግር ሆነ። ቀጥሎ መታየት ያለበት ጠፍሩ ከቆዳው ጋር የተሰፋበት ቦታ ነው፣ ምክንያቱም የልጁ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አትግዙት። የኛው በድርብ የተሰፋና ከውስጥ በኩል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ የተደረበበት ነበር። እንዲያም ሆኖ ልጁን ከማዘላችን በፊት የልጁን ክብደት የሚያህል፣ 10 ኪሎ ገደማ ጤፍ በማዳበሪያ ቋጥረን ባለቤቴ አዝሎት በግቢው ውስጥ እየዘለለና ደረጃ እየወጣና እየወረደ ስፌቱን ፈተነው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያየውን ይህን ፈተና ለማንም ወላጅ እመክራለሁ፤ ገበያ ላይ በእጅ በመሳብ ብቻ የማይታወቀው ነገር የሚታወቀው ሸክም ሲያርፍበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልጁ አካል ልምጣ። ጀርመን አገር ሕፃናት በ4ኛውና በ5ኛው ሳምንት ገደማ፣ ዩ3 በሚባለው ምርመራ፣ የዳሌ መገጣጠሚያቸው በአልትራሳውንድ ይታያል። ይህ ምርመራ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ሕፃናት የሚሰጥ ሲሆን ዘዴውን ያዳበሩት ኦስትሪያዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሃርት ግራፍ ናቸው። የሕፃን ዳሌ ሲወለድ ገና ለስላሳ ስለሆነ፣ የጭኑ አጥንት ራስ ጎድጓዳ መቀመጫው ውስጥ በትክክል ካላረፈ መገጣጠሚያው ሳይሟላ ያድጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ሕፃን ሲታቀፍም ሆነ ሲታዘል ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹም ከመቀመጫው እኩል ወይም ከፍ ብለው እንዲሆኑ ይመክራሉ። እግርን አቅንቶና አጣብቆ መጠቅለል ግን ጉዳት ያመጣል፤ ጃፓን ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤተሰቦች ይህን ልማድ እንዲተዉ ከተመከሩ በኋላ የሕፃናት ዳሌ መውለቅ በጣም ቀንሷል።

በትክክል የታሰረ አንቀልባ ይህንኑ አቀማመጥ ይሰጣል። ልጁ ፈረስ እንደ ተቀመጠ ሰው የእናቱን ጀርባ በሁለት ጭኑ አቅፎ ይቀመጣል፤ ቆዳው ከአንዱ ጉልበት እጥፋት እስከ ሌላው ከደረሰ ክብደቱ የሚያርፈው በመቀመጫውና በጭኖቹ ላይ እንጂ እግሮቹ መካከል ባለ ጠባብ ቦታ ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ልኩ ወሳኝ ነው። ጠባብ አንቀልባ እግሮቹን አንጠልጥሎ ይተዋቸዋል። ገበያ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መቀመጫው ላይ አስቀምጣችሁ ቆዳው ከጉልበት እስከ ጉልበት መድረሱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ለኛ ከቀረቡልን መካከል ይህን ያሟላው አንዱ ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የትንፋሽ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. በጨርቅ ማንጠልጠያ የሚያዙ ሕፃናት፣ በተለይም ከ4 ወር በታች የሆኑት፣ የመታፈን አደጋ እንዳለባቸው አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንገቱ ያልጸና ሕፃን አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል፣ አፍና አፍንጫውም ጨርቅ ወይም የአዛዩ ልብስ ላይ ሲጣበቅ ራሱን ዞር ማድረግ አይችልም። ይህ ሁሉ ከፊት በታቀፈ ልጅ ላይ በዓይን ይታያል፤ ጀርባ ላይ በታዘለ ልጅ ላይ ግን አይታይም። አገራችን ውስጥ ከክርስትና በኋላ ብዙም ሳይቆዩ፣ የልጁ አንገት ሳይጸና የሚያዝሉ እናቶች አሉ፤ ከሥራ ጋር ልጅን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የሌላቸው በመሆኑ እንደሆነም አውቃለሁ። ለእረፍት የመጣ ቤተሰብ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ልጃችሁ ራሱን ችሎ ካልተቀመጠ አንቀልባውን ግዙ፣ ግን ሰቅላችሁ አቆዩት፤ እስከዚያ ድረስ ልጁን ከፊት በኩል፣ ግንባሩን በምትስሙበት ከፍታ ያዙት።

ልጁ ሲያንቀላፋ አንቀልባው አንገቱን አይደግፍለትም፤ የዕቃው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ቆዳው የሚደርሰው እስከ ትከሻው አጥንት ነውና እንቅልፍ ሲወስደው ራሱ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይወድቃል። መፍትሔው ከአንቀልባው በላይ ነጠላ ደርቦ ራሱን ወደ አዛዩ ጀርባ ማስጠጋት ነው፤ ይህንንም ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ነጠላው እስከ ጆሮው ይምጣ፤ ፊቱን ግን ጨርሶ አይሸፍን። ጀርመን ውስጥ አንዳንድ እናቶች በኪሳቸው ትንሽ መስተዋት ይዘው ጀርባቸው ላይ ያለውን ልጅ ያያሉ። ጎንደር ላይ መስተዋቱ የመንገዱ ሰው ነው። ልጁ አንቀላፍቶ ራሱ ዘንበል ባለ ቁጥር ከኋላዬ ያለች ሴት «አንች ልጅ፣ አንገቱን!» ትላለች፣ ወይም ሳትጠይቀኝ በእጇ ቀና አድርጋ ነጠላውን ታስተካክልልኛለች። ውጭ አገር የኖረ ሰው በመጀመሪያ ሊደነግጥ ይችላል፤ እኔ ግን ልጅ ይዞ በጎንደር መሄድን ካቀለሉልኝ ነገሮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

የአንቀልባውን ጠባይ በደንብ ያየነው በፋሲል ግቢ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ግንብ የታጠረውን፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ግቢ ተዘዋውሮ ለማየት ብዙ መራመድ፣ የድንጋይ ደረጃ መውጣትና በዝቅተኛ በሮች ማለፍ ያስፈልጋል። ከአፄ ፋሲል ግንብ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ድረስ ሁለቱም እጆቼ ነፃ ነበሩ፤ በአንዱ ታላቋን ልጄን፣ በሌላው የደረጃውን ግድግዳ ይዤ ወጥቻለሁ። የልጁ ክብደት ወደ ጀርባዬ ተጠግቶ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ ሚዛኔን አላሳተኝም። ሁለት ነገር ግን ያስፈልጋል። በበር ስታልፉ የልጁ ክርን ከእናንተ ትከሻ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ በጎን አትግቡ፤ ጎንበስ ስትሉም ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ዝቅ በሉ፣ አለዚያ ልጁ በራስጌ በኩል ይንሸራተታል።

ይኸው ጥንቃቄ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ጫማ ስናወልቅ ጠቅሞናል። በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ይህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። ጋሪ ውስጥ ያለ ልጅ የሚያየው የሰው ጉልበት ነው። ጀርባዬ ላይ የነበረው ልጄ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ እነዚያን ፊቶች ሲያይ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ድምፅ ያሰማ ነበር። ከእኛ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ሰላምታችንን፣ ሳቃችንን፣ የሚስመውን ዘመድ ፊት ማየቱ፣ ለአገሩና ለዘመዶቹ አዲስ ለሆነ ሕፃን ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰው የሚፈራ የነበረው ልጅ አያቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተዋወቀ።

ለጥምቀት ግን አንቀልባውን አልተጠቀምንበትም። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ብዙ ነው። ግፊያ ባለበት ቦታ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ከኋላ የሚመጣውን ግፊት በአካሉ ይቀበላል፣ እናቱም አታየውም። ከዋናው ሕዝብ ርቀን በሰፊው መንገድ ዳር ቆመን፣ ልጁን በጀርመኑ ማዘያ ከፊቴ ይዤ ነው በዓሉን ያየነው። ለዚህ አንድ ቀን ሲባል የፊት ማዘያ ይዞ መምጣት ያዋጣል።

ስለ አባቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር መንገድ ላይ ልጅ ያዘለ ወንድ ማየት የተለመደ አይደለም፤ ባለቤቴ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ልጁን አዝሎ ሲያልፍ የሚያየው ብዙ ነበር። ጥላው ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አስቁመውት ጠፍሩን ዳሰስ አደረጉና፣ «ልልቷል፣ ወዲህ ዙር» ብለው ራሳቸው አጥብቀው አሰሩለት። እንዴት እንዳወቁ ስንጠይቃቸው በልጅነታቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው እንዳሳደጉ ነገሩን። ባለቤቴ እንደሚለው አንቀልባው ለሰፊ ትከሻ ይመቻል፣ ነገር ግን ጠፍሩ ውስጡ ምንም የተደረበበት ልስላሴ ስለሌለው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ትከሻን ይቆርጣል። ከጠፍሩ ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ሻሽ ማስገባት ይረዳል፤ ሆኖም በዚህ ረገድ ባለመቆለፊያው የጀርመን ማዘያ ይበልጣል፤ ክብደቱን ወደ ዳሌ የሚያሸጋግር ወፍራም ቀበቶ ስላለው ረጅም ጉዞ ያስችላል።

ቤት ውስጥ አንቀልባውን የምንጠቀምበት ልጁ ሲነጫነጭና እንቅልፍ እምቢ ሲለው ነው፤ እናቴ አዝላው በግቢው እየተመላለሰች እሹሩሩ ስትለው ብዙም አይቆይም። ማድቤት ግን አዝሎ መግባት አይገባም። የታዘለ ልጅ እጆቹ ነፃ ናቸው፤ ጎንበስ ሲባል ምጣዱ፣ ምድጃው፣ የሚፈላው ጀበና ሁሉ ከእጁ አይርቅም፣ አዛዩም ምን እንደሚነካ አያይም። ቡና የሚፈላበት ረከቦት ፊት በርጩማ ላይ ሲቀመጡም ልጁ መጀመሪያ መውረድ አለበት። አክስቶቼ ይህን ስናገር «ሁላችሁም በዚሁ አድጋችሁ የለ» አሉኝ፤ እኔ ግን አልተውኩትም፣ ቡናውን የሚያፈላው ሌላ፣ ልጁን የሚያዝለው ሌላ እንዲሆን ተስማማን።

በተሽከርካሪ ውስጥ አንቀልባ መያዣ አይሆንም። አዝሎ መኪና ወንበር ላይ መቀመጥ ልጁን ከወንበሩ ጋር ማጣበቅ ነው፤ ግጭት ቢደርስ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስንገባም ሆነ ከከተማ ወጣ ስንል ከጀርመን ያመጣነውን የመኪና ወንበር በተከራየነው መኪና ላይ አስረን ነው የተጓዝነው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ከጠበበ ጋሪውን ተዉት፣ የመኪናውን ወንበር አትተዉ።

ስለ ሙቀትና ስለ ንጽሕና። በጥር የጎንደር ቀን ሞቃት፣ ሌሊቱ ደግሞ ብርዳም ነው። ቀን ላይ ቆዳው የልጁን ደረት ከእናቱ ጀርባ ጋር ስለሚያጣብቅ ሁለቱም ያልባቸዋል፤ ልጁን ቀጭን የጥጥ ልብስ ማልበስና በየጊዜው ማውረድ ይበቃል። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፣ አንቀልባው ደግሞ ራስን አይጋርድም፤ ባለጠርዝ ኮፍያ ወይም ጃንጥላ ግድ ነው። ዳይፐር ሲያፈስ ቆዳው ሽንት ይጠጣል፤ ስለዚህ ከልጁ መቀመጫ ሥር ሁልጊዜ የሚታጠብ ጨርቅ እናነጥፋለን። ቆዳውን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይቻልም፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ሲደርቅና አልፎ አልፎ ቅባት ሲነካ ልስላሴው ይመለሳል። ጨርቅ ማዘያ ግን እንደ ማንኛውም ልብስ ይታጠባል፤ የሚደክሙ ወላጆች ይህን ልዩነት ቀላል አድርገው እንዳያዩት።

ገበያ ላይ ከሸራና ከሰው ሠራሽ ቆዳ የተሠሩ አንቀልባዎችም አሉ። የሸራው ቀላልና የሚታጠብ ስለሆነ፣ ስፌቱ ድርብ ከሆነ፣ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ሰው ሠራሽ ቆዳውን ግን አልመክርም፤ አየር አያስገባም፣ በፀሐይ ይግላል፣ ላዩም ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ልጁ አፍ ውስጥ ይገባል። በአውሮፓ የሚሸጥ የጨርቅ ማዘያ ኢኤን 13209-2 በሚባለው መስፈርት መሠረት የስፌቱና የመቆለፊያው ጥንካሬ፣ የሚችለውም ክብደት ተፈትኖ ምልክት ይለጠፍበታል። አንቀልባው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ፈታኙ ገዢው ራሱ ነው፣ ለዚህም ነው ስለ ስፌቱና ስለ ጤፉ ሸክም ያን ያህል የጻፍኩት።

አንቀልባ ለሚሠሩ የጎንደር ባለሙያዎች የምለምነው አለ። ሙያችሁ ዓለም አሁን በምርምር የሚመክረውን አቀማመጥ ከጥንት ጀምሮ የያዘ ነው፤ ስለዚህ ከግድግዳ ጌጥ በላይ ዋጋ አለው። በሁለት ልክ፣ ማለትም በቅርቡ መቀመጥ ለጀመረና መራመድ ለጀመረ ልጅ ሥሩት፤ መቀመጫውን አስፉት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጠፍር ደርቡበት፣ የላይኛውን ጠርዝ ከዛጎል ነፃ አድርጉት። በየዓመቱ ለጥምቀትና ለክረምት እረፍት ሕፃን ይዘው ወደ ከተማዋ የሚገቡ ወላጆች ብዙ ናቸው፣ እንዲህ ያለውንም ቢያገኙ ዋጋውን አይከራከሩም። እኔ ለእህቴ ልጅ አንድ ለማሠራት ይህንኑ ልክ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ወደ ውጭ ይዛችሁት ስትመለሱ አንቀልባውን አትጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ይሰበራልና የልጁን ልብስ መካከል አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ጠፍሮቹንም ለብቻ አዙሩ። ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ ይሻግታል፤ በአሮጌ አንሶላ መጠቅለል ይሻላል። እንደደረሳችሁ ከማሞቂያው ራቅ አድርጋችሁ ሰፊ መስቀያ ላይ ስቀሉት፤ እንደገና ልጅ ከማዘላችሁም በፊት ቆዳውን ቅቡት፣ ስፌቱንም እንደ መጀመሪያው ቀን በሸክም ፈትኑት።